ለነገ የተተወ ጨርቅ

ጥር 8

ይድረስ ለመርፌ፣

ከሰላምታ በፊት ክስ አለኝ። ደብዳቤሽን ስከፍተው እንደ ጠላት ሸሚዝ ተጨማዶ አገኘሁት። አንቺ ልብስ ሰፊ ቤት ያደግሽ ልጅ ነሽ፤ ወረቀት አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በወርዱ ይታጠፋል፣ አለቀ። እጥፉ ውስጥ የገባውን ለማንበብ ካውያ አግዬ ተኮስኩት። ካውያው ትንሽ በዛበትና «ናፍቃችሁኛል» የሚለው ቃል ግማሹ ተቃጠለ። ስለዚህ ናፍቆትሽ የደረሰን በግማሽ ነው። ቀሪውን በሚቀጥለው ላኪ።

አሁን ሰላምታ። እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። የስፌት መኪናዬም ከመንኳኳቷ በቀር ደህና ናት። እናትሽም ደህና ናት። ስለ ሆዷ ሕመም የጠየቅሽኝን ሁሉ በዚህ መለስኩልሽ፤ ሐኪሙ አዲስ መድኃኒት ሰጥቷታል፣ እየተራገመች ትውጠዋለች። የሚራገም ሰው ምን ይሆናል ብለሽ ነው?

ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ፈታኙ በእንግሊዝኛ «ነገ ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ቢጠይቅሽ ትናንት ያደረግሽውን ተርከሽለት ወደቅሽ። ይህን ስሰማ መሳቅ አልነበረብኝም፣ ግን ሳቅሁ። የእኔ የእህት ልጅ በ«ነገ» ትውደቅ? ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ነገ» ብሎ የሚጠራኝን ሰውዬ ዘመድ አድርገሽ? ነገን እንደ እኔ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እንጀራዬ ነው።

ከሰው የገዛሁት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሚለውን ስሚኝ። «ቱሞሮ»፣ «ሱን»፣ «ኔክስት ዊክ»፣ ማለትም ነገ፣ በቅርቡ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚባሉት ቃላት ብቻቸውን ወደ ፊት አይራመዱም። «ዊል» ወይም «ጎዪንግ ቱ» የሚጎትትላቸው ይፈልጋሉ። ቦታቸው እንደ ልብስ ቁልፍ ነው፤ ሌላው ከተሰፋ በኋላ መጨረሻ ላይ ይተከላሉ። «አይ ዊል ፊኒሽ ዩር ኮት ቱሞሮ።» ኮትህን ነገ እጨርሳለሁ ማለት ነው። ሰውየው እንዳይጠራጠርሽ ከፈለግሽ ደግሞ ቃሉን ፊት ታመጪዋለሽ። «ቱሞሮ፣ አይ ዊል ፊኒሽ ዩር ኮት።» ይህን ለፖስተኛው ሞከርኩበት። ኮቱ እኔ ዘንድ ከገባ ቆይቷል። ትርጉሙን ስነግረው «በአማርኛ ስትዋሽ ቢያንስ ፊትህ ይቀላ ነበር» አለኝ።

ሌላው ወሬ፣ እናትሽ ለምረቃሽ የምትለብሰው ቀሚስ አዘዘችኝ። ጨርቁን ራሷ መረጠች፣ ሰማያዊ ነው። በነጭ ክር ሳሳ አድርጌ አያይዤዋለሁ፤ በጎንና በጎኑ ሦስት ጣት ትርፍ ውስጥ ትቻለሁ። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ መጀመሪያ መቀስ ያስጨበጥኩሽ ቀን ነግሬሻለሁ። የከሳ ሰው ይወፍራል፣ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይቀጠልም። ልብስ ሰፊ የጎን ትርፍ ከቆረጠ፣ በባለቤቱ ተስፋ ቆርጧል ማለት ነው። እኔ በዚህ ሙያ ሰው አስቀይሜ ይሆናል፣ ትርፍ ቆርጬ ግን አላውቅም።

እናትሽ ለልክ ቆማ ምን አለችኝ መሰለሽ፦ «አንተ፣ ይህ ቀሚስ ለልጄ ምረቃ ነው ወይስ ለልጅ ልጄ?»

እኔም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልኳት።

አጎትሽ፣ ነገ


ጥር 21

ይድረስ ለጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በወርዱ አጥፌዋለሁ። ካውያህን አሳርፈው። የተቃጠለው ግማሽ ናፍቆትም ከዚህ ጋር አለ፤ ግማሹን ለእማዬ ስጥልኝ።

የሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ሥልጠናው እንደ ነበረው ነው። ባዶ ጠረጴዛ ጀርባ ቆመን ለሌለ እንግዳ ፈገግ እያልን «ክፍልዎ በቅርቡ ይዘጋጃል» እንላለን። አስተማሪያችን ሻንጣ የያዘች መስላ ትገባለች። ትናንት ተራዬ ሲደርስ «ሱን» የምለው ጠፍቶኝ «የስተርዴይ» አልኳት። «እንግዲያው ትናንት መምጣት ነበረብኝ» ብላ ወጥታ ሄደች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ፈተናው መጋቢት 7፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። እስከዚያ ግቢውን ለቆ የወጣ ሠልጣኝ ስሙ ይሰረዛል። ለእኔ ደግሞ አንዴ ስለወደቅሁ ይህ የመጨረሻዬ ነው፤ ሦስተኛ ዕድል የለም ብለው አስፈርመውኛል። ስልኩም ለኃላፊዎች ብቻ ነው።

ጋሼ፣ አሁን ቀልድ የሌለበት ጥያቄ ልጠይቅህ። እማዬ ከመጣሁ ወዲህ በእጇ አንድ መስመር አልጻፈችልኝም። ድሮ የአንተ ደብዳቤ ጥግ ላይ እንኳ «የሚለውን ሁሉ አትመኚ» ብላ ትሞነጫጭር ነበር። አሁን ጥጉ ባዶ ነው። ወረቀቱን ለብርሃን አንስቼ ሳይቀር አየሁት። ስሄድ የነበረው ሕመም ብሶባት ከሆነ ንገረኝ። ፈተናው ይቅርና ልምጣ? አዎ ወይም አይ በለኝ። ነገ እንዳትለኝ።

መርፌ


የካቲት 2

ይድረስ ለመርፌ፣

መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። የፖስተኛውን ኮት ተርትሬ እንደገና እየሰፋሁ ነበር፤ አንደኛው እጅጌ ከሌላው በልጦ ወጣ። «ግድ የለም፣ በረጅሙ እጅጌ ደብዳቤ አድልበታለሁ» አለኝ ሰውየው። ትዕግሥቱ ያስፈራኛል።

አይ። አትምጪ። አየሽ፣ ነገ አላልኩሽም።

ይህን የምልሽ እኔ ብቻ አይደለሁም። ጥያቄሽን ለእናትሽ አነበብኩላት። ጋደም ብላ ነበር፣ ተነሥታ ተቀመጠች። «ጻፍላት» አለችኝ፦ «እኔ የሆቴል አንሶላ ሳጥብ ዕድሜዬን የፈጀሁት፣ በጓሮ በር ገብቼ በጓሮ በር ስወጣ ነው። የፊት ለፊቱን አዳራሽ አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አላየሁትም። ልጄ እዚያ ፊት ለፊት ትቁምልኝ። ሳትጨርስ ብትመጣ በሩን አልከፍትላትም።» ቃል በቃል ነው የጻፍኩት። ስድቡን ብቻ አስቀርቻለሁ፣ ስድቡ የእኔ ድርሻ ስለነበር።

በእጇ ያልጻፈችው መነጽሯ ላይ ስለተቀመጥኩበት ነው። ወንበሩ ላይ ምን አስቀመጠው ብዬ ብጮህባትም ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገ አሠራላታለሁ።

አሁን ወደ ትምህርታችን። ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽልኝ መልመጃ ላይ «ስመጣ» ለማለት «ዌን አይ ዊል ካም» ብለሽ ጽፈሻል። ልክ አይደለም። ከ«ዌን» በኋላ «ዊል» አይገባም። «ዌን አይ ካም» ነው የሚባለው። «ቢፎር»ም «አንቲል»ም እንደዚያው ናቸው። «ሺ ዊል ዌይት አንቲል ዩ ካም።» እሷ ላይ «ዊል» አለ፣ አንቺ ላይ የለም። ለምን ብትዪኝ መጽሐፌ አልነገረኝም፤ ግን መምጣትሽ የታወቀ ስለሆነ፣ አጠራጣሪው መጠበቁ ስለሆነ ይመስለኛል። ይህን ከራሴ ነው የሞላሁት፤ ለፈታኝ እንዳትነግሪው።

ጮክ ብዬ ሳጠና እናትሽ ሰማችኝና «ምን እያልክ ነው?» አለች። «እስክትመጣ ትጠብቃለች ማለት ነው» አልኳት።

«በእንግሊዝኛ መጠበቅ ይቀላል እንዴ?» አለችኝ።  መጽሐፉን ዘግቼ ሜትሬን አነሣሁ።

ቀሚሱን ዳግመኛ ለካኋት። ጎንና ጎኑን ትንሽ አስገባሁት። የዘንድሮ ሴቶች ጠበብ ያለ ነው የሚለብሱት ብላ ነው። ትርፉ ግን ውስጥ አለ፣ አልነካሁትም።

አጎትሽ፣ ነገ


የካቲት 14

ይድረስ ለጋሼ፣

እማዬ ጠባብ ልብስ ጠየቀች? እማዬ? የአንገቷን ቁልፍ ልትሞክር ስትጠጋ «አንቀህ ልትገድለኝ ነው?» የምትልህ ሴትዮ? ጋሼ፣ ዋሽ፣ ግን ለሙያህ የሚመጥን ውሸት ዋሽ።

እሺ፣ ደግሜ አልጨቀጭቅህም። በሩን አልከፍትም ካለች አትከፍትም፣ አውቃታለሁ። እሰለጥናለሁ። አሁን «ሱን» በሕልሜም አይጠፋኝም። አስተማሪዋ ባለፈው ሻንጣዋን ይዛ ስትገባ «ሜዳም፣ ዩር ሩም ዊል ቢ ሬዲ ሱን» አልኳት፤ «እጠብቃለሁ» ብላ ተቀመጠች። እማዬ ብታየኝ ብዬ ተመኘሁ።

አንተ ያላስተማርከኝን ደግሞ እኔ ላስተምርህ። መጽሐፍህ የመጨረሻ ገጾቹ የሉትም፣ የሸጠልህ ሰው ዕቃ ጠቅልሎበታል። እዚያ የነበረው ይህ ነው። «ባይ» የምትባል ቃል አለች፣ ቀን ታስከትላለች። «ባይ ተርስዴይ፣ አይ ዊል ሃቭ ፊኒሽድ።» ሐሙስ ሲመጣ ጨርሼ ያገኘኛል እንደማለት ነው። ገና ያልደረሰ ቀን ላይ ሄደህ ትቆምና ወደ ኋላ ዞረህ «ይኸው አልቋል» ትላለህ። እኔ አሁን በየቀኑ ሐሙስ ላይ ቆሜ ነው የምውለው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ከእማዬ ቀሚስ ቁራጭ ላክልኝ፣ ቀጭን ቢሆንም ግድ የለም። ለፈተናው ፀጉሬን አስርበታለሁ። ጠረጴዛው ጀርባ ስቆም ከእሷ የሆነ ነገር ላዬ ላይ ይኑር።

የመነጽሩስ ነገር? ሐኪሙስ ምን አለ? ይኸው፣ አልጨቀጭቅም ብዬ ጨቀጨቅሁ።

መርፌ


የካቲት 26

ይድረስ ለመርፌ፣

ዛሬ አጭር ነው የምጽፈው። ሥራ በዝቶብኛል ብልሽ ስለማታምኚኝ ሌላ ምክንያት ራስሽ ምረጪልኝ።

ስለ «ባይ» ያስተማርሽኝን ደጋግሜ አሰብኩበት። ይህን ሰዋስው የፈለሰፈው ሰው ልብስ ሰፊ አይደለም፤ የልብስ ሰፊ ደንበኛ ነው። «ባይ ሳተርዴይ፣ አይ ዊል ሃቭ ፊኒሽድ» ብዬ ለፖስተኛው አጠናሁለት። ትርጉሙን ነገርኩት። ቆቡን አውልቆ አዘነልኝ።

ሐኪሙ መመላለሱን ትቷል። አንቺ እንደ መልካም ምልክት ውሰጂው። እናትሽ ትተኛለች፣ ትነቃለች፣ ስትነቃ «ሐሙስ ደረሰ?» ትላለች። «ነገ ነው» እላታለሁ። ስትነቃ ሁሌም ነገ ሐሙስ ነው። ፈተናሽ ላይ ምን እንደምትለብሺም ጠይቃኛለች። ቁራጩን ፀጉሯ ላይ ታስራለች ስላት «ብልጥ ናት፣ በእኔ አልወጣችም» ብላ ደስ አላት።

ቁራጩ ይኸው። እጄ ላይ ያለውን ነው የላክሁልሽ፣ ሁለት ነው፣ ይበቃሻል። በርቺ። ከጠረጴዛ ጀርባ ስትቆሚ ትከሻሽን አታጉብጪ፣ ልብስ ያበላሻል።

አጎትሽ


መጋቢት 2

ይድረስ ለጋሼ፣

ቁራጮቹ ደረሱኝ። ሁለቱም ቀጭን፣ ሁለቱም ረጅም ናቸው፣ እኩል ናቸው። በአንደኛው ጠርዛቸው ላይ የመርፌ ቀዳዳ በመስመር ተርታ ይታያል፤ የተተረተረ ነጭ ክርም አልፎ አልፎ ቀርቶበታል። ለቀምኩት።

አንዱን ፀጉሬን አሰርኩበት። ሌላውን ጣቴ ላይ ጠቅልዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅህም፣ አንተም አትጨነቅ። እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ። ነገ ማለትህን አትተውባት። ስትነቃ «ነገ» በላት።

መርፌ


መጋቢት 5

ይድረስ ለመርፌ፣

ዛሬ ክስ የለኝም። ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው ተቀመጪ፣ ከዚያ ቀጥዪ።

እናትሽ እሑድ ጠዋት አረፈች። ትናንት ቀበርናት። የሚቀረው ሁሉ ከዚህ በታች ነው፣ ግን ዋናው ይኸው ነው፤ ይህን በቀልድ የማስርበት ክር የለኝም።

ይህን ደብዳቤ ፖስተኛው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው ከዚህ የሚያነሣው። ተማምለናል። ስለዚህ ያንን ያስተማርሽኝን ሰዋስው አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ጉዳይ ልጠቀምበት። ይህን በምታነቢበት ጊዜ ፈተናሽን ጨርሰሻል። «ባይ ዘ ታይም ዩ ሪድ ዚስ፣ ዩ ዊል ሃቭ ፊኒሽድ።» ልክ ነው አይደል? ሌሊቱን ሙሉ አፌ ላይ ሳመላልሰው ነበር። ሰዎች ሊያጽናኑኝ ሲመጡ የምጸልይ መስሏቸው «አሜን» አሉ።

እንዳትቆጪኝ አልልሽም። የምትቆጪበትን ግን በቅጡ እወቂው። ከጥር ጀምሮ ሐኪሙ ነግሮን ነበር። ያኔውኑ ልጠራሽ አልኩ፤ እናትሽ እጄን ያዘች። «ብሞት እንኳ ከፈተናዋ በፊት እንዳታሰማት። ማልልኝ» አለች። አልምልም አልኳት፣ ነገ እናወራለን አልኳት። ምን አለች መሰለሽ፦ «አንተ ነገ ካልክማ ልጄ ተመርቃ አርጅታለች።» ከዚያ ሳቀች። ሳቁ አመማት። ማልኩላት።

መነጽሯ አልተሰበረም። እስክሪብቶ መያዝ አቅቷት ነው። አንድ ቀን የደብዳቤዬ ጥግ ላይ እንድትጽፍልሽ እጇን ደግፌ ሞክረናል፤ አንድ መስመር ወጣ፣ ፊደል አልሆነም። ያን ወረቀት አልላክሁልሽም። አለ፣ ስትመጪ አሳይሻለሁ።

ስለ ቀሚሱ ልንገርሽ፣ እኔ እንኳ ማውራት የምችለው ስለ ልብስ ብቻ ነው። በለካኋት ቁጥር ጎኑን አስገባሁ። ሰፍቼ ግን አልጨረስኩትም፣ የታች ጠርዙን ሆን ብዬ ሳልቀመቅመው አንጠለጠልኩት። ስንፍና አልነበረም፣ ለዚህ አንዴ እንኳ ስንፍና አልነበረም። ኮቱ ያላለቀለት ሰው ሁሉ ይመላለሳል፤ ፖስተኛውን አየሽው፣ ይሄው ስንት ጊዜ መጣ። እሷንም ቀሚስሽ ነገ ነው፣ ነገ ነው እያልኩ አቆያታለሁ ብዬ ነው። የተማርኩት ብልሃት እሱ ብቻ ነው። ለሌሎቹ ሁሉ ሠርቶልኝ ነበር።

ባለፈው ሰሞን ልልበሰው አለች። አለበስኳት፣ ተኛችበት። ትንሽ ቆይታ «ጎኔን ወጋኝ» አለች። ብዳስሰው ውስጥ የተውኩት ትርፍ ነው። ተጣጥፎ፣ ወፍሮ፣ ከአጥንቷ ጋር ይፋተጋል። እሷ ሥጋ ትጨምራለች ብዬ ያቆየሁት ጨርቅ ጎኗን አላስተኛ አላት። ተርትሬ ቆረጥኩት። መቀሱን ስጨብጥ አንቺ አጠገቤ ባለመኖርሽ ደስ አለኝ፤ ትርፍ ስቆርጥ እንድታዪኝ አልፈለግሁም።

እሑድ ዕለት ጠርዙን ቀመቀምኩት። ከተባለለት ቀን ያላሳለፍኩት ልብስ እሱ ብቻ ነው። ልክክ አለባት። እሱን ለብሳ ነው የሄደችው።

አሁን አንቺ እንዴት እንደሆንሽ ባውቅ። የመጨረሻ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ከቀብር ስንመለስ ነው። አጭር ሆነብኝ፤ እያጠናች ነው ብዬ ደስ ብሎኝ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ቁራጮቹን ስለ...

ቆይ።

ደብዳቤሽን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ሁለቱም ረጅም፣ እኩል፣ የመርፌ ቀዳዳ በተርታ፣ ነጭ ክር። መርፌ፣ ከእጅጌው የተረፈ ቁራጭ ሳጥን ሙሉ ነበረኝ። እኔ እጄ ላይ ያለውን ብዬ ከቀሚሷ ጎን የቆረጥኩትን ትርፍ ነው አጥፌ የላክሁልሽ። ሌላ ሰው ቢሆን ፀጉሩን ያስርበት ነበር፣ ያበቃ ነበር። መቀስ አያያዝ ያስተማርኳት ልጅ ዘንድ ላክሁት። «አንተም አትጨነቅ» ትይኛለሽ። «ስትነቃ ነገ በላት» ትያለሽ።

በር እየተንኳኳ ነው። ፖስተኛው ይሆናል፣ ኮቱን ዛሬ እንዲወስድ ቀጥሬዋለሁ። የእውነት አልቋል፣ ካውያ ብቻ ነው የቀረው። ይጠብቅ፣ ልምድ አለው። ልጨርስልሽ። ፈተናው ላይ ምንም ብትሰሚ፣ ምንም ብትጠረጥሪ፣ እናትሽ የፈለገችው አንድ ነገር

ፖስተኛው አይደለም። ፖስተኛው እንዲህ ቀስ ብሎ አያንኳኳም። ከስፌት መኪናዬ ባሻገር በመስኮቱ ሻንጣ ይታየኛል፣ ክንድ ይታየኛል። ፀጉሯ በሰማያዊ ጨርቅ ታስሯል።

ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው።